ስለ ሕፃናት ጨዋታ፤ አምስቱ ሕዋሳት ለፊደል ትምህርት ስለሚሰጡት እርዳታ

በአገራችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ምሳሌ አለ። ምሳሌው ስለ ሊጥ ከሆነ እውነት ነው፤ የሕፃን እጅ ትንሽ ናትና ያቦካችው ሊጥ ቤተ ሰብን አያጠግብም። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ይህን ቃል ከሊጥ አውጥተው በሕፃን ሥራ ሁሉ ላይ ይናገሩታል። በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳር ባሉት መንደሮች ሕፃናት ከጭቃ በሬ ሠርተው፤ ቀንበሩን ከስንጥር አድርገው፤ ጠምደው ሲያርሱ ይታያሉ። ሌሎቹም በቅል ስባሪ ውሃ እየቀዱና አሸዋ እየሰፈሩ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ይውላሉ። በዚያ የሚያልፍ ትልቅ ሰው ይህን ባየ ጊዜ «ልብስህን አታቆሽሽ፤ ይልቅ ሂድና ፊደልህን ቁጠር» ብሎ ይገሥጻል። ተግሣጹ ከፍቅር የመጣ ነው። ዳሩ ግን ሕፃኑ በዚያች ሰዓት ከፊደል የራቀ አልነበረም፤ ወደ ፊደል በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነበረ እንጂ። መምህራንና ሽማግሌዎች ይህን እንዲረዱት፤ ከተረዱትም በኋላ ጭቃውንና አሸዋውን ለትምህርት እንዲያውሉት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጀ።

ስለ አምስቱ ሕዋሳት

ቀደምት ሊቃውንት እንዳስተማሩት ሰው አምስት ሕዋሳት አሉት፤ እነዚህም ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። ትልቅ ሰው ብዙ ነገር በቃል ብቻ ተነግሮት ይገባዋል፤ ስለምን ቢሉ ነገሩን አስቀድሞ በሕዋሳቱ ያውቀዋልና። «ከባድ» ሲሉት የተሸከመውን ያስባል፤ «ሻካራ» ሲሉት የዳሰሰውን ያስታውሳል። ለሕፃን ግን ይህ መዝገብ ገና አልተጻፈለትም። ስለዚህ ያልነካውንና ያላየውን ነገር በቃል ብቻ ቢነግሩት ቃሉን እንደ ዜማ ተቀብሎ ይመልሰዋል እንጂ ፍሬ ነገሩን አያገኘውም።

የዛሬ ዘመን ሐኪሞችም በምርመራ የደረሱበት ከዚህ ጋር ይስማማል። የሰው አንጎል ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት ነው። በአንጎል ውስጥ ያሉት ነርቮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት መንገድ በተሠራበት መጠን ይጸናል፤ ያልተሠራበትም እየደከመ ይጠፋል። ሰው የሚመላለስበት ጎዳና ተጠርጎ እንደሚኖር፤ መንገደኛ ያጣ ጎዳና ግን ሣር እንደሚበቅልበት ማለት ነው። ሕፃን ጭቃ ሲያድበለብል፤ ውሃ ሲያንቆረቁር፤ ጠጠር ሲቆጥር ይህን ጎዳና እየጠረገ ነው።

ስለ ሀሁና ስለ አቡጊዳ

የአማርኛ ፊደል በልማድ እንደሚቆጠረው 33 ነው፤ እያንዳንዱም በ7 መልክ ስለሚጻፍ በጠቅላላው 231 ይሆናል። ይህን ያህል ምልክት ለ6 ዓመት ልጅ ብዙ ነው። ልጁም ከሀ እስከ ፐ በተራ ሲያነበንብ ሁሉን ያወቀ ይመስላል። ነገር ግን ከመካከል አንዱን ፊደል ለብቻው ቢያሳዩት ከተራው መጀመሪያ ተነሥቶ ካልቆጠረ ስሙን አይመልስም። እንዲህ ያለው ልጅ ተራውን በጆሮው ይዟል እንጂ መልኩን በዓይኑ አልለየም።

የቀድሞ የአብነት መምህራን ይህን ጉድለት አስቀድመው አውቀውታል። ስለዚህ ሀሁን ካስቆጠሩ በኋላ አቡጊዳን ያስቆጥራሉ። በአቡጊዳ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እየተባለ የቀድሞው ተራ ይፈርሳል፤ ልጁም ዜማውን ተከትሎ ማለፍ ስለማይቻለው የፊደሉን መልክ ለማየት ይገደዳል። ደግሞ ልጁ ሲቆጥር በስንደዶ ወይም በስንጥር ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ እንዲሄድ ያደርጉታል፤ ይህም እጅና ዓይን ከምላስ ጋር እንዲተባበሩ ነው። እንግዲህ በእጅና በዓይን ማስተማር ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር ነው ብሎ የሚጠራጠር ሽማግሌ ቢኖር፤ ሥሩ በገዛ አገሩ እንዳለ ይወቅ።

ሥሩ ቢኖርም ፍሬው ጐድሏል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በአገራችን በ6 ቋንቋዎች የንባብ ምርመራ በተደረገ ጊዜ፤ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ደጅ የተመላለሱ ናቸው። እንዲህ ያለው ልጅ በሰው ዘንድ ደንቆሮ ተብሎ ይቆጠራል፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ወደ ከብት ጥበቃ ይመለሳል። ጥፋቱ ግን የአእምሮው ማነስ ላይሆን ይችላል፤ ፊደል ከእጁና ከዓይኑ ሳይተዋወቅ ወደ አፉ ብቻ ስለ ገባ ይሆናል።

የሌላ አገር ምስክርነት

ፍሪድሪኽ ፍሮቤል የሚባል ጀርመናዊ መምህር በ1837 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ለሕፃናት የሚሆን የመማሪያ ስፍራ አቋቋመ፤ ከ3 ዓመትም በኋላ «የሕፃናት አትክልት» ብሎ ሰየመው። ለልጆቹም ከክር የተሠራ ኳስ፤ ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡልና ባለ 6 ገጽ ቅርጽ እየሰጠ፤ በመንካትና በመደርደር አስተማራቸው።

ከእርሱ በኋላ ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ኢጣሊያዊት ሐኪም በ1907 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሮማ ከተማ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኆች ሰፈር ለሕፃናት ቤት ከፈተች። ፊደሉን እንደ አሸዋ ከሸከረ ወረቀት ቆርጣ በለስላሳ ሰሌዳ ላይ ትለጥፍ ነበር። ሕፃኑ በጣቱ የፊደሉን መንገድ እየተከተለ ይዳስሳል፤ ድምፁንም ያሰማል። በዚህም ዓይን፣ እጅና ጆሮ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ይማራሉ። ከነዚያ ድኆች ልጆች ብዙዎቹ በ4ና በ5 ዓመታቸው መጻፍ በመጀመራቸው ሥራዋ በዓለም ታወቀ።

በኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት በአንድነት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ ከዚያም በኋላ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ኦ ክፍል» የሚባለው የ1 ዓመት መሰናዶ ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃን ትምህርት 2 ዓመት አደረገው። ነገር ግን ክፍል መከፈቱ ብቻ አይበቃም፤ ልጆቹ በዚያ ክፍል ምን እንደሚሠሩ መታወቅ አለበት። ሰሌዳ እያዩ መጮህ ብቻ ከሆነ የ1ኛ ክፍል ድካም በ2 ዓመት ቀድሞ ጀመረ ማለት ነው።

በጣና ዳር በሚገኝ ነገር የማስተማር ዘዴ

ለዚህ ሥራ ከሩቅ አገር የሚገዛ ዕቃ አያስፈልግም።

1ኛ፤ በአሸዋ። ንጹሕ ደረቅ አሸዋ ተነፍቶ በትሪ ወይም በሣጥን ክዳን ላይ በሥሡ ይነጠፋል። መምህሩ «በ» የሚለውን ፊደል በጣቱ ይጽፋል። ልጁ በጻፈው ላይ ጣቱን እያስኬደ «በ» ይላል፤ ሁለተኛም ዓይኑን ጨፍኖ ይደግመዋል። ከዚያ ትሪውን ነቅንቆ ያጠፋውና ለብቻው ይጽፋል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ልጅ ስሕተቱ ተጽፎ ስለሚቀር ያፍራል፤ አሸዋ ግን ስሕተትን ወዲያው ይሰውራልና ልጁ ሳይፈራ 10 ጊዜ ይሞክራል።

2ኛ፤ በጭቃ። ጭቃው ከእሾህና ከስባሪ ብርጭቆ ተለቅሞ፤ እንደ ሊጥ ይታሻል። ልጁ እንደ ገመድ ካሾረው በኋላ ፊደል ይሠራበታል። እዚህ ላይ የፊደላችን ጥበብ በእጅ ይገለጣል። «በ» ከተሠራ በኋላ ከወገቡ በስተ ቀኝ ትንሽ ጭቃ ቢለጠፍ «ቡ» ይሆናል፤ ከቀኝ እግሩ ሥር ቢለጠፍ «ቢ» ይሆናል፤ በዚያው እግር ቀለበት ቢደረግለት «ቤ» ይሆናል። እንዲሁም በ«ሰ» ራስ ላይ አግዳሚ ቢጨመር «ሸ»፤ በ«ተ» ላይ ቢጨመር «ቸ»፤ በ«ነ» ላይ ቢጨመር «ኘ» ይሆናል። ልጁ ይህን በገዛ እጁ ሲለጥፍና ሲነቅል 231ዱ ምልክት እርስ በርሱ የተዛመደ ቤተ ሰብ መሆኑን ያስተውላል።

ጭቃ መጠንንም ያስተምራል። ልክ የሆኑ ሁለት ድቡልቡል ጭቃዎች አቅርቦ አንዱን በልጁ ፊት ማስረዘም፤ ከዚያም «የትኛው ይበዛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ «ረጅሙ» ይላል። ዣን ፒያዤ የሚባለው የስዊስ ሊቅ እንዳሳየው ይህ የዕድሜው አስተሳሰብ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። መምህሩ ሳይቆጣ ረጅሙን መልሶ እንዲያድበለብለው ያድርግ፤ እጁ ደጋግማ የሠራችውን ነገር ልቡ በጊዜው ይረዳዋል።

3ኛ፤ በውሃና በደንገል። ውሃ በሳፋ ወይም በገበቴ ይቀርባል። ጠጠር፣ ቅል፣ ቅጠልና የደንገል ቁራጭ በየተራ እየተጣለ የሚሰጥመውና የሚንሳፈፈው ይለያል፤ ከመጣሉም በፊት ልጆቹ የሚሆነውን ይገምታሉ። ደንገል የሚንሳፈፈው በውስጡ ያለው ነጭ ስፖንጅ መሰል ነገር አየር ስለ ያዘ ነው። ልጆቹ ደንገሉን አስረው ትንሽ ታንኳ ይሥሩ፤ እስኪሰጥምም ድረስ ጠጠር አንድ በአንድ እየጫኑ ይቁጠሩ። በዚህ ጨዋታ ቁጥር፣ ክብደትና ትዕግሥት በአንድነት ይገኛሉ። ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ይህን ታሪክ መንገር መልካም ነው፤ ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ከጣና በተወሰደ ደንገል ጀልባ አሠርቶ፤ በ1970 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከሞሮኮ ተነሥቶ ታላቁን የአትላንቲክ ውቅያኖስ በ57 ቀን ተሻግሮ ባርባዶስ ደረሰ። በሳፋ ውስጥ የምትንሳፈፈው ታንኳና ያች ጀልባ የአንድ ሣር ልጆች ናቸው።

4ኛ፤ በእህልና በጠጠር። ዳጉሳ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና በቆሎ ተቀላቅለው በሰፌድ ይቀርባሉ፤ ልጆቹም በየዓይነቱ ይለያሉ፤ ቀጥሎም ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳሰስ ብቻ ስሙን ይናገራሉ። እርሳስ ለመያዝ የሚያስፈልገው የጣት ብርታት የሚገኘው እንዲህ ባለ ለቀማ ነው። ገበጣም በመሬት ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲጫወቱት መደመርንና መቀነስን ያለ ሰሌዳ ያስተምራል። ቅልልቦሽም እንዲሁ እጅን ያቀለጥፋል፤ ዓይንንም ያነቃል።

5ኛ፤ በሽታና በድምፅ። የዘጌ ቡና፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጤና አዳም እየብቻቸው በጨርቅ ይቋጠራሉ። ልጁ አሽትቶ ስሙን ሲናገር መምህሩ «የዚህ ስም በምን ይጀምራል?» ብሎ ይጠይቃል። «ቡና» ያለው ልጅ «ቡ»ን፤ «ዝንጅብል» ያለው «ዝ»ን በአሸዋው ላይ ይጽፋል። እንዲሁም በትንንሽ ቅሎች ውስጥ ጤፍ፣ ሽምብራና ጠጠር ለየብቻ ጨምሮ እያንቀጫቀጩ በድምፁ ማስለየት ይቻላል። የቃልን የመጀመሪያ ድምፅ ለይቶ መስማት የንባብ በር ነው፤ በር የሚከፈተውም ጆሮ ሲለማመድ ነው።

መምህሩ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች

ጨዋታ ያለ ንግግር ግማሽ ትምህርት ነው። ልጁ እየሠራ ሳለ መምህሩ ሦስት ጥያቄዎችን ያቅርብለት፤ «ይህ ምንድር ነው? ምን ይመስላል? ብንለውጠው ምን ይሆናል?» ልጁም በገዛ ቃሉ ይመልስ። «ለስላሳ፣ ሻካራ፣ እርጥብ፣ ደረቅ፣ ስስ፣ ወፍራም» የሚሉት ቃላት በዚህ ጊዜ ከሥራው ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። ልጆቹ ብዙ ቢሆኑ በ5 በ5 ከፍሎ፤ አንዱን ክፍል በአሸዋ፤ ሌላውን በእህል ማሠማራት፤ በየተራም ማለዋወጥ ነው። ጨዋታው በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳና መጽሐፍ በቦታቸው ናቸው፤ ጨዋታ መንገድ ይጠርጋል እንጂ የንባብን ድካም ፈጽሞ አያስቀርም።

ሌላም ጥቅም አለ። ጠጠሩን ለማየት ወደ ዓይኑ የሚያቀርብ ልጅ፤ ወይም ድምፅ ሲለይ ዘወትር የሚሳሳት ልጅ ቢገኝ፤ ዓይኑ ወይም ጆሮው ታሞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ «አያስተውልም» ብሎ ከመምታት ለወላጆቹ ነግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ማስላክ ይገባል።

ጥንቃቄም አስፈላጊ ነው። ሕፃናትን ለጨዋታ ወደ ሐይቁ ዳር ማውረድ አይገባም፤ በጥልቁ መስጠም አለ፤ ጉማሬም አለ፤ በዳርቻው ውሃ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው የቢልሃርዝያ ትልም በቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ተቀድቶ ወደ ልጆቹ ይምጣ እንጂ ልጆቹ ወደ ሐይቁ አይሂዱ። በሳፋ ያለው ውሃም ቢሆን ያለ ጠባቂ አይተው፤ ከጨዋታውም በኋላ ይደፋ። ባቄላና ሽምብራ በአፍንጫና በጆሮ እንዳይገቡ መጠበቅ ነው፤ መድኃኒት የተቀባ የዘር እህልም ከቶ አይቅረብ። ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውንና ፊታቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በአማራ ክልል ብዙ ዓይን ያጠፋው ትራኮማ በቆሸሸ እጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋልና፤ ፊትን መታጠብ ራሱ ከትምህርቱ እንደ አንዱ ይቆጠር።

ለሽማግሌዎች

አንዳንድ ወላጅ «ልጄን የላክሁት ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም» ይላል። ከዚህ ቃል በስተ ጀርባ የቆየ ንቀት አለ። በአገራችን ሸክላ የሚሠራና ደንገል የሚያስር ሰው ሥራው ሲፈለግ እርሱ ግን ይናቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን በአንዳንድ ሰው ልብ አልጠፋም። የጣናን ታንኳ ሲሠሩ የኖሩት የወይጦ ሰዎችና ሸክላ ሠሪ እናቶች ስለ ጭቃና ስለ ደንገል የሚያውቁትን ሌላ ሰው አያውቀውም። እንግዲህ ሽማግሌዎች ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱን ወደ ትምህርት ቤት ጠርተው፤ በልጆች ፊት አክብረው፤ እንዴት እንደሚሠራ ቢያሳዩ ልጆቹ ከእጅ ሥራ ጋር ሰው ማክበርንም ይማራሉ።

ይህ ሥራ የትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፤ ብዙ ሕፃናት ያለ መምህር ቆይተዋል። ጦርነት የክፍልን በር ይዘጋል፤ የሕፃንን ዓይንና እጅ ግን አይዘጋም። ፊደል የሚያውቅ አያት በደጁ አሸዋ ነጥፎ ለልጅ ልጁ በቀን አንድ ፊደል ቢያሳየው፤ እናት ሽምብራ ስትለቅም ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ብታስቆጥረው፤ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ልጁ ባዶውን አይሄድም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ የጭቃ በሬ የያዘ ልጅ በመንገድ የተገኘ እንደሆነ በሬውን አታስጥሉት። «ይህ በሬ ስንት ቀንድ አለው? ስሙስ በምን ፊደል ይጀምራል?» ብላችሁ ጠይቁት። «በ» ብሎ የመለሰ እንደሆነ በዚያው በጭቃው ያሳያችሁ።